ቅጥሩን ያስገፋሁት እኔ ነኝ

ይህን የምጽፈው አንድ ቄስ እንዲያፍር ነው። ለትምህርት ነው፣ ለመታሰቢያ ነው ልል ሞክሬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስሙን አልጽፍም። ባልጽፈውም ከዳባት በላይ ያሉ መንደሮች ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ እሱም ራሱን ያውቃል። ያ ይበቃኛል።

የነፍስ አባታችን ነበር። የባሌ ቤተሰብ በሙሉ የእሱ የንስሐ ልጅ ስለሆነ፣ ሳገባ እኔም ወደ እሱ ተዛወርሁ። ቤታችን ሲመጣ ጸበል ይረጫል፣ መስቀል ያሳልመናል፣ ያለው ቀርቦለት ይቀምሳል፤ ሲወጣ ጋቢውን አስተካክዬ አለብሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ፍርዱ እንዳይዛባ ብዬ እንጂ ላቀልለት አይደለም።

ልጄ የተወለደችው ሰኔ ሊያልቅ ሲል ነው። ነሐሴ ማብቂያው ላይ ትንፋሿ ተበላሸ። ስትተነፍስ የጎኗ አጥንት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጡት ይዛ ትተወዋለች። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ወደ ዳባት ጤና ጣቢያ የሚሻገር ሰው የለም። ባሌ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ያኔ እንደማትተርፍ ገባኝ፤ ሲገባኝ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አሰብሁ፤ ክርስትና ሳትነሳ እንዳትሞት።

በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። እናትም እስከዚያ ድረስ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ስለዚህ አማቴን ይዤ፣ ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ፣ በዝናብ ሄጄ ከቅጥሩ በር ውጭ ቆምሁ። አማቴ ገብታ ቄሱን ጠራችው። ጃንጥላ ይዞ ወጣ።

«አባ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው። ክርስትና ያንሷት።»

ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አያትና ግንባሯን ዳሰሳት። «ስንት ቀኗ ነው?»

«ስድሳ አንድ።»

«አዬ ልጄ! ሰማንያ ሳይሞላት እንዴት ተብሎ? መጽሐፍ አይፈቅድም እኮ።»

«እስከዚያ አትደርስም አባ። ይዩዋት እንጂ።»

«ጸሎት እናደርሳለን። እግዚአብሔር ያውቃል። መጽሐፍ ግን መጽሐፍ ነው።»

«እርስዎ ውሃውን ብቻ ያፍስሱባት። ሌላው ሁሉ ይቅር።»

«መጽሐፍ በእኔ እጅ አይሻርም» አለና መስቀሉን አወጣ። አማቴ ተሳለመች። እኔም ተሳለምሁ። ያን መሳለሜ እስከ ዛሬ ከንፈሬን ያቃጥለኛል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሞተች።

ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን በአጥቢያችን ከቅጥር ውስጥ አይቀበርም ነበር። በሰሜን በኩል፣ ከግንቡ ውጭ፣ ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበት ተዳፋት አለ፤ እዚያ ነው የሚቀመጡት። ፍትሐት የለም፤ ለቅሶም አይቀመጡለትም። ባሌና ወንድሙ በነጠላ ይዘዋት ሄዱ፤ እንጀራ ተጋግሮ ሳያልቅ ተመለሱ። ጎረቤት ሴቶች ብቅ ብለው «ጌታ ሌላ ይስጥሽ» አሉኝና ወደ ሥራቸው ሄዱ። በሳምንቱ ሄጄ ሳይ ፀሐይ ወጥቶ የመቃብሮቹ ድንጋዮች ሞቀዋል፤ ፍየሎች ተኝተውባቸዋል። እያለቀስሁ አባረርኋቸው። ቄሱ ከቅጥሩ ውስጥ ሆኖ ያየኝ ነበር።

ባሌን ማታ «እንዴት ዝም ትላለህ?» ብዬ ብጠይቀው «መጽሐፍ ከሆነ ምን ይደረጋል?» አለኝ። ከዚያ ቃል በኋላ ከእሱ ጋር አንድ ቤት ማደር አቃተኝ። ዓመት ሳይሞላ ትቼው ደባርቅ ገባሁ።

አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። በእኛ አገር መጽሐፍ የማይለው ነገር የለም። በሬ በየትኛው ቀን እንደሚገዛ፣ ሚስት ለባሏ ውሃ እንዴት አድርጋ እንደምታቀርብ፣ ንብ ለምን እንደሚሰደድ፣ ሁሉንም «መጽሐፍ ይላል» ብሎ የሚያስረዳችሁ ሽማግሌ አታጡም። መጽሐፉ ራሱ ግን በሦስት ልብስ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። በዓል ሲደርስ ይወጣል፣ ይሳማል፣ ይመለሳል። ሲነበብም ብዙውን ጊዜ በግዕዝ ነው፤ እኛ ቆመን በአክብሮት እንሰማለን፣ ምን እንደሰማን ግን ብንጠየቅ አንመልስም። ማንም ውሸታም አይደለም። ልጅ ከአባቱ ሰምቶ፣ አባት ከአያት ሰምቶ ይናገራል። ከፍቶ ማየት ድፍረት ይመስላቸዋል። ልጄን የገደላት ሕመሙ ነው፤ ከቅጥር ውጭ ያስቀራት ግን ይህ ልማድ ነው።

ደባርቅ ላይ ከአንድ ማረፊያ ቤት አንሶላ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርሁ። ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ጨነቅ የሚወጡ ፈረንጆች ሲሄዱ አንድ ሌሊት፣ ሲመለሱ አንድ ሌሊት ያድራሉ፤ ሲመለሱ የሚያድሩበት አንሶላ የተራራውን አቧራ ሁሉ ይዞ ይቀራል። የደባርቅ ነፋስ ደግ ነው፤ እስኪደርቅ ግን መጠበቅ አለ። በዚያ መጠበቂያ ሰዓት ነው ያነበብሁት። መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሸራ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ገዛሁ። ሻጩ «ለጸሎት ነው ወይስ ለስጦታ?» ሲለኝ ለሁለቱም አይደለም አልሁት። ሰማንያን ፍለጋ ነበር የገዛሁት።

የሰባተኛ ክፍል ትምህርት አለኝ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርሁ። ማን ማንን እንደወለደ በትዕግሥት አነበብሁ። የድንኳኑን መጋረጃ ርዝመትና ስፋት በክንድ እየለካ ሲዘረዝር፣ ያን ሁሉ ጨርቅ ማን አጥቦት ይሆን እያልሁ አለፍሁት። ሌላ ሰው ሲያነብ ልቡ ይረጋል ይባላል። የእኔ በየገጹ ይጋላል። ልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ገጽ መያዣ አድርጌ፣ ሳምንት በሳምንት፣ ሌባ እንደሚፈልግ ሰው እያንዳንዱን ሕግ ፈተሽሁ።

አገኘሁት። ከሙሴ መጻሕፍት በሦስተኛው ውስጥ ነው፤ አጭር ምዕራፍ ነው። ሰማንያ ብሎ አልጻፈውም። ሴት ልጅ ለወለደች ሁለት ሳምንት ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ስድሳ ስድስት ቀን ይላል። በጣቴ ደመርሁት፤ ሰማንያ መጣ። ደሜ ፈላ፤ እውነትም ተጽፏል ለካ ብዬ መጽሐፉን ልወረውረው ነበር። ከዚያ ግን እንደገና ከላይ አነበብሁት። ስለ ማን ነው የሚናገረው? ስለ እናቲቱ። መቅደስ እንዳትገባ፣ የተቀደሰ ነገር እንዳትነካ የተባለችው እናቲቱ ናት። ሕፃኗ ምን እንደምትከለከል አንዲት ቃል የለም። ሰማንያው የእኔ ነበር። እኔ ደግሞ ከበር ውጭ በዝናብ ቆሜ አክብሬዋለሁ። ልጄን የሚመለከታት ነገር አልነበረም፤ አማቴ ይዛት ልትገባ ትችል ነበር።

ለካ ሳላውቀው እርጥብ አንሶላ ላይ ተቀምጬ ነበር። ያን ቀን ሁለት አንሶላ ደግሜ አጠብሁ።

ከዚያ በኋላ ማንበቤን አላቆምሁም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። በሐዋርያት ዘመን የእኛው አገር ሰው፣ ጃንደረባው፣ በሠረገላ ወደ አገሩ ሲመለስ መንገድ ላይ አምኖ፣ ውሃ አይቶ፣ ምን ይከለክለኛል ብሎ ጠይቆ፣ ወርዶ ተጠመቀ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ውሃ። ቀን የቆጠረበት የለም። በስሙ ስንኮራ የኖርንበት ሰው ከእኛ በር ቢደርስ ኖሮ ስንት ቀንህ ነው ተብሎ ይመለስ ነበር።

ያም ሆኖ ፈራሁ። ሌላ መጽሐፍ አለ ቢለኝስ? ስለዚህ ደባርቅ ወደሚኖሩ አንድ የመጻሕፍት መምህር ሄድሁ። ሸምግለዋል፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ነው፤ ደቀ መዛሙርቶቻቸው የኔታ ይሏቸዋል፤ እኔም እንዲሁ አልኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ቄሱ የየት እንደሆነ ብቻ ደበቅሁ።

«ሰማንያው ካልሽው ቦታ የመጣ ነው» አሉኝ። «አባቶች ከዚያ ወስደው ለሕፃናቱ ጥምቀት ሥርዓት አደረጉት። መልካም ሥርዓት ነው፣ ለደኅና ልጅ።»

«ለታመመችስ የኔታ?»

ተነሥተው ከመደርደሪያው የሥርዓቱን መጽሐፍ አወረዱ። በግዕዝ አነበቡና በአማርኛ ፈቱልኝ። ሕፃኑ ለሞት የሚያሰጋ ከሆነ ቀን አይጠበቅለትም፤ በመጣበት ሰዓት ይጠመቃል። ይኸው ነው። አንድ መስመር ተኩል አይሞላም።

«ይህን ቄሱ አላየው ይሆናል» አሉኝ።

«ሳያየው ነው መጽሐፍ ይላል ያለኝ?»

መጽሐፉን ዘጉት። «ለልጅሽ አዘንሁ። ለእሱም አዘንሁ።»

ለእሱ ማዘናቸውን አልወደድሁትም። ተሳልሜያቸው ወጣሁ።

አልቸኮልሁም። ለብቻው አግኝቼ ብነግረው «ይቅር ይበለን ልጄ» ብሎ ያልፈዋል፤ ያን አውቃለሁ። ሰው ፊት እንዲሆን ፈለግሁ፤ ልጄን አማቴ ፊት፣ ከበር ላይ ነው የመለሳት። ሁለት ክረምት ጠበቅሁ። በሁለተኛው ክረምት የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በሰሜን በኩል ተናደ። መስከረም ላይ አጥቢያው ለሥራው ሊመካከር ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ከደባርቅ በሚኒባስ ዳባት ወረድሁ፤ ከዚያ በእግሬ ወጣሁ።

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ሰንበቴ ቤት ተቀምጧል። ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ዞሯል። ቄሱ ቆሞ እያንዳንዱ አባወራ ስንት ቀን እንደሚሠራ ይናገር ነበር። እስኪጨርስ ጠብቄ ተነሣሁ።

«አባ፣ ቅጥሩ ሳይጀመር አንድ ጥያቄ አለኝ።»

አወቀኝ። «ተናገሪ ልጄ። እንኳን ደኅና መጣሽ።»

«የስድሳ አንድ ቀን ልጄን ልትሞት ስትል ይዤልዎት መጣሁ። መጽሐፍ አይፈቅድም ብለው ከዚህ በር መለሷት። የት ላይ ነው የተጻፈው?»

ጉርምርምታ ሆነ። የቀድሞ ባሌ መሬት መሬት ያያል። ቄሱ ፊቱ ጠቆረ። «ልጄ፣ ሴት በጉባኤ መካከል ዝም ትበል ተብሎ ተጽፏል።»

«እሱስ ተጽፏል፤ አንብቤዋለሁ» አልሁት። «እሺ፣ እኔ ዝም እላለሁ። እርስዎ ያንብቡ።»

መጽሐፉን መቆንጠጫው ያለበት ቦታ ገልጬ እጁ ላይ አስቀመጥሁት። ሕዝቡ ሁሉ ያየዋል። መነጽሩን አወጣ። ማንበብ ያውቃል፤ ድምፁም ያማረ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር በቅዳሴ ድምፅ ነው ያነበበው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። መጨረሻው ላይ ለራሱ የመጣ ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ሆነ። ጨርሶ ወደ ላይ ተመለሰና እንደገና አነበበው።

«ይህ…» አለ። «ይህ ስለ እናቲቱ ነው።»

እኔ በተጻፈው መሠረት ዝም አልሁ። ሁለተኛ መቆንጠጫ ነበረ፤ ሳልነግረው ገለጠው፤ የጃንደረባው ቦታ ነው። እሱንም አነበበ። ከዚያ የኔታ ያነበቡልኝን መስመር በወረቀት ጽፌ ነበርና ሰጠሁት። እሱንም አነበበና መነጽሩን አውልቆ ወደ ሕዝቡ ቀና አለ።

ያን ፊት ደባርቅ ላይ አንሶላ እየጨመቅሁ ስንት ቀን አስቤዋለሁ። ከአሰብሁት በላይ ጣፈጠኝ። ይህን ስጽፍም እየጣፈጠኝ ነው፤ አላፍርበትም።

አንዲት ሴት ከኋላ ተነሣች። ባሏ የሞተባት፣ ከበር አጠገብ ተጠግታ የምትቀመጥ አሮጊት ናት። «የእኔዎቹስ አባ?» አለችው። «ሁለት ናቸው እኮ። ወንዱ ሠላሳ ቀኑ ነበር። ሴቲቱ ሰባ ዘጠኝ።»

ከዚያ በኋላ ሰንበቴ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። ለእነዚያ ልጆች ያልተለቀሰው ሁሉ በአንድ ቀን ወጣ። ስንት እናት እዚያ ተዳፋት ላይ ልጅ እንዳላት ያኔ ነው ያወቅሁት። ወንዶቹ ምን እንሥራ ተባባሉ። አንዱ አፅማቸው ተለቅሞ ይግባ አለ። ሌላው ለመልቀም የሚሆን አፅም የላቸውም፣ ጨቅሎች ናቸው፣ ምንም አይገኝም አለ። ዝም እላለሁ ያልሁትን እዚያ ላይ አፈረስሁ።

«ቅጥሩ ፈርሷል አይደል? እነሱ ካልመጡ ቅጥሩ ይሂድላቸው» አልሁ።

ሁለት ሦስት ሰው አጉረመረመ፤ የከብቱ መንገድ ይዘጋል የሚል ነበር። ቄሱ ግን ወረቀቱን እንደያዘ «ይሂድላቸው» አለ። ዐሥራ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ተገፋ። ሥራው በተጀመረ ዕለት ፈቃድ ጠይቄ መጣሁና አንድ ጥድ ሥር ተቀምጬ ተመለከትሁ። ቄሱ ስድሳውን ያለፈ ሰው ነው፤ ከጎረምሶቹ እኩል ድንጋይ ይሸከም ነበር። ተዉ አባ ቢሉት አልሰማም። ውሃ የምታቀብለው ሴት በአጠገቤ ወደ እሱ ስታልፍ «ቆዪ፣ መጀመሪያ ለሌሎቹ» አልኋት። ቆየች። ቅጥሩ ያለቀ ቀን በዚያ ተዳፋት ላይ ፍትሐት ተደረገ። ልጄ የት እንደተቀመጠች የቀድሞ ባሌ በጣቱ አሳየኝ፤ ከአዲሱ ግንብ ሦስት ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ናት።

እዚያ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ ቄሱ ደባርቅ መጣ። አንሶላ በማሰጣበት ግቢ ገብቶ፣ በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከ። እግሬን ሊይዝ ሲል ወደ ኋላ አልሁ።

«ይቅር በይኝ ልጄ። ሳላነብ አንብቤያለሁ ብያለሁ።»

«አልልም» አልሁት።

«እንግዲያው መቅደስ አልገባም» አለ። «መባህን ይዘህ መሠዊያው ዘንድ ደርሰህ፣ የተቀየመህ ሰው እንዳለ ብታስታውስ፣ መባውን ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ይላል ወንጌሉ። ስንት ዓመት አንብቤው አልፌው ነበር። አሁን ማለፍ አልችልም። ከፍቼ እንዳይ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እንግዲያው አይግቡ» ብዬ ቅርጫቴን አነሣሁ።

አልገባም። እውነት አልመሰለኝም ነበር፤ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይሆንና ይተወዋል ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አልቀደሰም። ከጎረቤት አጥቢያ ቄስ እየተለመነ ይመጣል። ሽማግሌዎች ደባርቅ ድረስ መጡብኝ። መለስኋቸው። ሁለተኛም መጡ፤ አሮጊቷን ይዘዋት መጡ። «እኔ ይቅር ብዬዋለሁ» አለችኝ እጄን ይዛ። «የእኔ ሁለት ናቸው።» ያልደረቀውን አንሶላ ገልብጬ አሰጣሁ።

ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ሲሉ አንደኛው «ስለ ይቅርታ የተጻፈውን አላነበብሽም ወይ?» አለኝ። አንብቤዋለሁ። ሰማንያን ስፈልግ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ይቅር የማይል ይቅር እንደማይባልለት፣ የት ገጽ ላይ እንዳለ፣ በስንት ቦታ እንደተደገመ ከእነሱ የበለጠ አውቀዋለሁ። ጠዋት አባታችን ሆይን ስደግም እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። የት ተጽፏል ብዬ ጉባኤ ያስቆምሁ ሴት፣ ያ ገጽ የተጻፈው ለሌላ ሰው ነው ልል አልችልም። ስለዚህ እኔም አልቆርብም፤ ከቅጥሩም አልገባም። ይቅር ማለቱን ግን እስከ ዛሬ አልቻልሁም፤ እውነቱን ለመናገር አልፈለግሁም።

እሑድ ሥራ ሳይኖር ደባርቅ መቀመጥ ስለማልችል ወደ መንደር እሄዳለሁ። ቅዳሴው ሲጀመር ቄሱ መስቀሉን ሳይዝ፣ በተራ ጋቢ፣ በወንዶቹ በኩል ከግንቡ ውጭ ቆሞ አገኘዋለሁ። እኔ በሴቶቹ በኩል እቆማለሁ። ሲያየኝ ጎንበስ ይላል፤ እኔ ፊቴን ወደ ግንቡ አዞራለሁ። ካህኑና ሕዝቡ ከውስጥ ሲቀባበሉ ሁለታችንም ከውጭ ሆነን እንመልሳለን። ከሦስታችን ውስጥ የገባችው ልጄ ብቻ ናት።